የድሮ ጠመንጃና የድሮ ስም ያለው ጥይት፦ ከመተኮሳችሁ በፊት የግፊት ልኩን እንዴት ታጣራላችሁ

ሰው ሁሌ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውና ባሬሉ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ከሆነ "በቃ ይሄዳል" ይላል። ስሙ ግን የሚነግራችሁ ጥይቱ መግባት አለመግባቱን ብቻ ነው፣ ሲፈነዳ ምን ያህል እንደሚገፋና ያ ብረት ያንን መቻል አለመቻሉን አይነግራችሁም።

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ቀርበው ነበር፣ እና ብዙ አበሻ የአንበሳ ምልክት ያለበትን ቤልጅግ ሲያይ አያቱ ትዝ ብለውት ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። እዛው ተሰቅሎ ከቀረ ምንም ችግር የለም። ችግሩ አንድ ቅዳሜ "እስቲ መተኮሻ ሬንጅ ልውሰደው" ሲል ነው የሚመጣው። ይሄ መመሪያ ለዛች ቅዳሜ ነው፣ እንዲሁም አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ የድሮ ስም ያለው ጥይት ለሚያጎርስ ሰው። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱ ይቀድማል፣ ያ ከሌለ ከታች ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ

ማይክሮሜትር ወይም ጥሩ ዲጂታል ካሊፐር። ንጹህ ለስላሳ እርሳስ (ብረቱ እንጂ መጻፊያው አይደለም፣ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት የእንቁላል ቅርጽ ያለው ይሆናል)። ከባሬሉ የሚረዝም የነሐስ ዘንግ። ሴሮሴፍ የሚባለው በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት። ለጥይቱ የተሠራ የሄድስፔስ መለኪያ (ምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ አለ)። ጠንካራ መነጽርና የጆሮ መከላከያ። ይሄን ሁሉ መግዛት ካልፈለጋችሁ ጋንስሚዝ (ጠመንጃ ጠጋኝ) ጋ ውሰዱት፣ ደረጃ 2፣ 3 እና 4ን እሱ ይሠራላችኋል፣ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው የሚሻለው እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ።
2. ቦልቱን (የኋላ መቆለፊያውን) ከፍታችሁ ካዝናውንም ቻምበሩንም (ጥይቱ የሚቀመጥበትን የባሬሉን የኋላ ጫፍ) በዓይን እዩ፣ ከዛ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ።
3. ቦልቱን አውጡና በባሬሉ ውስጥ ብርሃን እዩ።

ብርሃን ካላያችሁ ውስጡ የተቀረቀረ ነገር አለ። የድሮ ቅባት ሊሆን ይችላል፣ አረር ሊሆን ይችላል፣ ጨርቅም ሊሆን ይችላል። "ተኩሼ ላስወጣው" የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ጠመንጃው ማን እንደሆነ እወቁ

የአባቶቻችን ስያሜ እዚህ ላይ አይረዳም። ምንሽር ከማንሊከር ነው የመጣው፣ ውጅግራ "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ቤልጅግ ደግሞ ከአገሩ ስም። ሠሪውን እንጂ ጥይቱን አይነግሯችሁም። ሻጭ "ስምንት ሚሊ ነው" ካላችሁ ደግሞ ምንም አልነገራችሁም፣ ምክንያቱም ቢያንስ አራት የተለያየ ስምንት ሚሊ አለ፦ 8×57 ማውዘር፣ 8×50 ለበል፣ 8×50 ማንሊከርና 8×56 ማንሊከር። ሁለቱ "8×50" ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ጥይታቸው አንድ አይደለም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አይተኮስም።

እነዚህን ፈልጉ፦

1. ብረቱ ላይ የተመታ ፊደል። ምንሽር 95 ላይ ቻምበሩ ጋ ትልቅ የላቲን "ኤስ" ካለ፣ ከተሠራ በኋላ ወደ 8×56 ተቀይሯል ማለት ነው። ለበል ላይ "ኤን" ካለ ከ1932ቱ አዲስ ጥይት ጋር እንዲስማማ ተሠርቷል።
2. የመቆለፊያ ጥርሱ። ማውዘር 98 ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ የመጠባበቂያ ጥርስ አለው፣ ጋዝ ቢያመልጥ የሚወጣበትም ቀዳዳ አለው። የ1893ቱ፣ የ1895ቱና የስዊድኑ 1896 ሦስተኛው ጥርስ የላቸውም። የአሜሪካው ክራግ የሚይዘው በአንድ የፊት ጥርስ ነው። ሊ ኤንፊልድ ከኋላ ነው የሚቆልፈው፣ ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ብረቱ ይለጠጣል።
3. ሲሪያል ቁጥሩ። በተለይ የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903፦ በስፕሪንግፊልድ የተሠራ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ የተሠራ ከ285,507 በታች ከሆነ ብረቱ ሲሠራ ከልክ በላይ የጋለበት ጊዜ ስለነበር እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። አትተኩሱት፣ ስቀሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ አስመጪው ባሬሉ ላይ የጻፈውን የጥይት ስም እንደ መነሻ ያዙት እንጂ አትመኑት። በመቶ የሚቆጠር ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ሲያልፍ መካከሉ ላይ አንድ የተቀየረ አይጠፋም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ቻምበሩ ተፍቆ ወደ 8 ሚሊ ኦ ሲክስ (ከ8×57 የሚረዝም ጥይት) የተለወጠ ማውዘር ከውጭ ሲታይ ካልተነካው አይለይም።

እንዲሁም "በሕግ አንቲክ ነው" የሚለው ነገር (በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ) የወረቀት ጉዳይ ነው፣ ስለ ጥንካሬው ምንም አይልም።

እዚሁ ላይ የሚያበቃላቸው አሉ። 11 ሚሊው ውጅግራ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፣ የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ አይገባበትም። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 6.5 ካርካኖ የለወጡት ቬተርሊ ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አካል ላይ ጭስ አልባ ጥይት የተጫነበት ነው፣ ቢገባም ቢተኩስም እኔ አጠገቡ አልቆምም።

ደረጃ 3፦ ባሬሉንና ቻምበሩን ለኩ

ለምን? ምክንያቱም ከጥይቱ ቀድሞ ግፊት የሚፈጥረው የአረሩና የባሬሉ አለመመጣጠን ነው። የ8×57 ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፦ የመጀመሪያው አረር .318 ኢንች ነበር፣ ጀርመኖች 1905 አካባቢ ወደ .323 ቀየሩት። ወፍራሙን አረር በቀጭኑ ባሬል ስትገፉት ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ነው።

ባሬሉን ለመለካት፦

1. ቦልቱ ወጥቷል አይደል? ባሬሉን በቀጭኑ ዘይት ቀቡ።
2. ከባሬሉ ትንሽ የሚወፍር ለስላሳ እርሳስ አፈሙዙ ላይ አስቀምጡና በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ አስገቡት።
3. በነሐስ ዘንጉ እስከ ቻምበሩ ግፉት። በትንንሹ መምታት እንጂ ባንድ ጊዜ በኃይል መምታት አይደለም።
4. ሲወጣ ሰፊውን ቦታ ለኩ። 8.09 ሚሜ አካባቢ ከሆነ ቀጭኑ ነው፣ 8.2 አካባቢ ከሆነ ወፍራሙ።

ከተቀረቀረ፦ አጫጭር የእንጨት ዘንግ እየደራረባችሁ አትግፉ፣ ጫፎቹ እየተሰነጣጠቁ ሽብልቅ ይሆኑና ይብስባችኋል። ዘይት ጨምራችሁ አሳድሩት፣ ከዛ በሙሉ ዘንግ ከመጣበት በኩል መልሱት። ሌላ ነገር ደግሞ፣ ባለ አምስት መስመር ባሬል (ውስጡ አምስት ጠመዝማዛ ቦይ ያለው፣ ብዙ ኤንፊልድ እንደዛ ነው) ሁለት መስመር ፊት ለፊት ስለማይገጥም በካሊፐር ስትለኩት ትንሽ ቀጭን ሆኖ ይታያችኋል፣ እሱን ለጋንስሚዝ ተዉት።

ቻምበሩን ለመቅረጽ፦ ባሬሉን ከቻምበሩ አንድ ኢንች ያህል አለፍ ብሎ በጨርቅ ድፈኑ፣ ሴሮሴፉን አቅልጣችሁ ሙሉ፣ ሲጠነክር ከአፈሙዝ በኩል ገፍታችሁ አውጡ። የሚለካው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ይኮማተራል ከዛ ይሰፋል፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ትክክለኛውን የቻምበር ልክ ይይዛል። ቸኩላችሁ በ10 ደቂቃ የለካችሁት ቁጥር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 4፦ ሄድስፔስ

ሄድስፔስ ማለት ቦልቱ ሲቆለፍ ጥይቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከበዛ ቀለሃው ይለጠጥና ከመሐል ይበጠሳል፣ ጋዙ ደግሞ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመጣው፣ የጥይቱ ግፊት ልክ ቢሆን እንኳ።

1. መቺውን መርፌና ስፕሪንጉን ከቦልቱ አውጡ።
2. "ጎ" የሚባለውን መለኪያ አስገብታችሁ በሁለት ጣት ዝጉ። መዘጋት አለበት።
3. "ኖ ጎ" አስገቡ። ባይዘጋ ጥሩ። ከተዘጋ "ፊልድ"ን ሞክሩ።
4. በ"ፊልድ" ላይ ከተዘጋ ሥራው እዚህ አለቀ፣ አይተኮስም።

በጉልበት አትዝጉ። መለኪያው ጠንካራ ብረት ስለሆነ ተጭናችሁት የምትጎዱት ጠመንጃውን ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን በትክክል አንብቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ግፊት የሚጻፍባቸው ሦስት መለኪያዎች ታገኛላችሁ። ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ባርና ሲዩፒ። ባርን ወደ ፒኤስአይ ለመቀየር በ14.5 አባዙ፣ በቃ ቀላል ነው። ሲዩፒ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ድሮ ግፊት የሚለካው ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ በማየት ነበር፣ ሲዩፒ የዛ ውጤት ነው፣ ወደ ፒኤስአይ የሚቀይረው ቀመር የለም። እዩት እስቲ፦

የ.30-06 ጣሪያ 50,000 ሲዩፒ ወይም 60,000 ፒኤስአይ ነው። የ7×57 ማውዘር 46,000 ሲዩፒ ወይም 51,000 ፒኤስአይ። የ.45-70 ደግሞ 28,000 ሲዩፒ ወይም 28,000 ፒኤስአይ። ልዩነቱ አንዱ ጋ 10,000፣ አንዱ ጋ 5,000፣ አንዱ ጋ ዜሮ። እንግዲህ ቀመር ካላችሁ አምጡ።

ይባስ ብሎ የድሮ ጽሑፎች በመዳብ የተለካውንም "ፒኤስአይ" እያሉ ይጽፉት ነበር። የ7.62 ናቶ 50,000 ነው የ.308 ደግሞ 62,000 ስለሆነ ናቶው በጣም ደካማ ነው የሚባለው ክርክር የመጣው ከዚህ ነው፣ የ.308 የመዳብ ልክ 52,000 ስለሆነ ልዩነቱ የሚባለውን ያህል አይደለም። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ላይ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "በምን ተለካ?" ነው።

ከዛ ደግሞ ማን ጻፈው? አሜሪካኖቹ ሳሚ በሚባለው ድርጅት ልክ ይሠራሉ፣ አውሮፓውያን ሲአይፒ በሚባለው። ለ8×57 ሳሚ 35,000 ፒኤስአይ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ምክንያቱ ከላይ ያልኳችሁ ቀጭን ባሬል ነው፣ አንዱ ሳያውቅ ቢያጎርስ እንዳይሞት ብለው ዝቅ አደረጉት። ሲአይፒ ግን ለ8×57 አይኤስ (ወፍራሙ አረር ላለው) 3,900 ባር ይላል፣ ወደ 56,500 ፒኤስአይ ማለት ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፓኬቶች፣ ስማቸው "8 ሚሊ ማውዘር"፣ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው በ20,000 ይበልጣል። የሰርቢያና የቼክ ጥይት ስትገዙ ይሄን አስቡ።

ደረጃ 6፦ ጣሪያችሁን ወስኑ

ደንቡ አንድ ነው። ጥይቱ፣ ቀለሃውና ጠመንጃው መካከል ከሁሉ ደካማው ጣሪያውን ይወስናል። ጠመንጃው ብርቱ ስለሆነ ቀለሃው አይበረታም፣ ቀለሃው አዲስ ስለሆነም የ1893 ብረት አይበረታም።

ለ8×57፦ ባሬሉ በወፍራሙ ልክ የተለካ፣ ሄድስፔሱ ያለፈ ቤልጅግ 1924 ወይም ሌላ የ98 ዘር ከሆነ የአውሮፓው ጥይት የተሠራለት ነው። የ1888ቱ ኮሚሽን ጠመንጃ ከሆነ አይሆንም፣ ባሬሉ ቢሰፋለትም እንኳ።

ለ7×57፦ የአሜሪካ ፋብሪካ ጥይት በድሮዎቹ ማውዘሮች ምክንያት ለስለስ ተደርጎ ነው የሚሞላው። 1893 እና 1895 ከያዛችሁ ከዛ አትውጡ። በአዲስ ቦልት ጠመንጃ ግን እስከ 51,000ው ድረስ ቦታ አላችሁ።

ለ6.5×55፦ ሳሚ 51,000 ፒኤስአይ፣ ሲአይፒ 3,800 ባር (55,100 ገደማ)። የስዊድን 96 ካላችሁ የታችኛውን ያዙ።

ለ.303፦ ሳሚ 49,000 ፒኤስአይ። ሊ ኤንፊልድን ከዛ በላይ መግፋት ቀለሃ መበጣጠስ ነው ትርፉ።

ለ.30-40 ክራግ፦ 40,000 ሲዩፒ። አንድ ጥርስ ነው ያለው፣ አትቀልዱበት።

ለ.45-70፦ ይሄኛው ከሁሉም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ጥይቱ ከ1873 ጀምሮ አለ ግን ዛሬም አዳዲስ ጠመንጃ ይሠራለታል። አሮጌው ትራፕዶር ስፕሪንግፊልድ 28,000 ላይ ያበቃል። ዘመናዊው ማርሊን 1895 እስከ 40,000 አካባቢ፣ ሩገር ቁጥር 1 ደግሞ እስከ 50,000 አካባቢ የሚሄድ መረጃ በሪሎድ (ጥይት በእጅ መሙያ) መጽሐፎች ላይ በሦስት ክፍል ተለይቶ ታገኛላችሁ። ለምን ለዩት? የሦስተኛው ክፍል ጥይት አንደኛው ክፍል ጠመንጃ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፣ ይዘጋልም። የሚከለክለው ነገር የለም፣ ከእናንተ በቀር።

በእጃችሁ የምትሞሉ ከሆነ ለጠመንጃችሁ ክፍል የታተመውን ብቻ ተከተሉ፣ ከታችኛው መጠን ጀምሩ፣ ባሩድ በሌላ ባሩድ አትተኩ፣ ስሙ ቢመሳሰልም። ኤም 1 ጋራንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጥይቱ ከ60,000 በታች ቢሆንም ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ከሆነ የጋዝ ዘንጉን ያጣምመዋል፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራውን ግዙ።

ደረጃ 7፦ ጥይቱን መርምሩ

አሮጌ ጥይት ከጠመንጃው ጋር በስጦታ ከተሰጣችሁ፣ አመሰግናለሁ ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። አንገቱ የተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ዝገት የበላው፣ አረሩ በእጅ የሚሽከረከር፣ ሲከፈት ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ ያለው አይተኮስም። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ፕራይመሩ (ቂጡ ላይ ያለው መለኮሻ) ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚተው ከተኮሳችሁ በኋላ ባሬሉን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ዘይት ብቻ ጨው አያሟሟም፣ ከዛ አድርቃችሁ ቀቡ።

ጥይት መኪና ውስጥ አታቆዩ። ቴክሳስ ወይም አሪዞና በሐምሌ መኪና ውስጥ የዋለ ጥይት ከፍሪጅ እንደወጣው አይደለም፣ ባሩድ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች

1. ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስራችሁ ረጅም ገመድ ቃታው ላይ አድርጉ።
2. አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱ። ከመከለያ ጀርባ ሆናችሁ ሳቡ።
3. ቀለሃውን አውጥታችሁ ደረጃ 9ን እዩ። ከዛ ሁለተኛው፣ ከዛ ሦስተኛው።

ገመዱ ጠመንጃው ጠንካራ መሆኑን አያረጋግጥም፣ ዛሬ አልፈረሰም ማለት ብቻ ነው።

ቃታ ተስቦ ካልፈነዳ፦ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ድምፁ "ፑፍ" ብሎ ከሞተ፦ አቁሙ፣ ቦልቱን አውጡ፣ ባሬሉን እዩ። አረሩ መሐል ላይ ቀርቶ ሌላ ከተኮሳችሁበት ባሬሉ ይፈነዳል።

ደረጃ 9፦ ቀለሃው ምን ይላል

ቦልቱ ሲከፈት ከከበደ፣ ፕራይመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ከጠፋ፣ ቂጡ ላይ የሚያብለጨልጭ የኤጀክተር (የቀለሃ ማስወጫው) አሻራ ካለ ግፊት በዝቷል። አቁሙ፣ ፓኬቱንም ለሌላ አትስጡ።

ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካያችሁ ደግሞ እሱ የሄድስፔስ ነው። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ በቀለሃው ውስጥ ጎትቱ፣ ቦይ ላይ እንደሚሰናከል ከተሰማችሁ ቀለሃው ሊበጠስ ነው፣ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ሳይገባኝ የቆየው። እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት በዘመናዊ ግፊት ደረጃ ነው። ፕራይመር ጠፍጣፋ የሚሆነው ከ28,000 በጣም ርቆ ነው። ትራፕዶር ይዛችሁ "ፕራይመሩ ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ልጨምር" ካላችሁ ምልክቱ ሳይመጣ ጠመንጃው ይሄዳል። ደካማ ጠመንጃ ላይ የቀለሃ ምልክት መጠበቅ ጢስ እስኪያንቅ ቤት ውስጥ እንደመቀመጥ ነው፣ ለእነዚህ የምትመሩት በታተመው ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ጠመንጃ አንድ ጥይት ካላችሁ

ቤት ውስጥ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ የአንድ ስም ጠመንጃ ካለ የመጨረሻው ስህተት የሚፈጠረው ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው። እኔ አንዴ የአዲሱን ፓኬት ይዤ ሬንጅ ሄጄ አሮጌው ላይ ላጎርስ ስል ነው ያየሁት፣ ያየሁትም የፓኬቱ ቀለም ስለተለየብኝ ብቻ ነበር። ከዛ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ፦ የብርቱው ጥይት ሣጥን ላይ ቀይ ፕላስተር፣ በማርከር የጠመንጃው ስም፣ የፕራይመሩ ዙሪያ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም። ለአሮጌው የሚሄደው ምንም ቀለም የለውም። ሬንጅ ስሄድ አንዱን ጠመንጃ ብቻ ነው የምይዘው፣ የሌላው ጥይት ቤት ተቆልፎበት ይቀራል። የአሮጌው ማሰሪያ ላይም ትንሽ ወረቀት አንጠልጥያለሁ፣ የባሬሉ ልክ፣ የሄድስፔሱ ውጤት፣ የተፈቀደው ጣሪያ በስንት ፒኤስአይ እንደሆነና የተለካበት ቀን፣ እኔ ሳልኖር ልጄ ወይም የወንድሜ ልጅ ቢያነሳው እንዲያነበው።